የ35 በመቶው ግብር ለምን ከ14,000 ብር ይጀምራል? ግልጽ ደብዳቤ ከጅማ

ለገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የደመወዝ ግብር መደቦችን ይመለከታል

ክቡራን፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው። በየወሩ መጨረሻ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) እሠራለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ላሉ ነጋዴዎች የግብር ማሳወቂያ እሞላለሁ። የጥበቃውም፣ የመምህሩም፣ የባለሱቁም፣ የአከራዩም ወረቀት እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚመጣው። ስም አልጠራም። የሰው ገመና ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ግብር አንክፈል እያልኩ አይደለም። ስለ ግብር ፍትሐዊነት አፉን የከፈተ ሰው ሁሉ መክፈል የማይፈልግ ይመስላል፤ ለዚህ ነው የማስቀድመው። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አውቃለሁ። በዚህ ገንዘብ መንገድም፣ ሆስፒታልም፣ ትምህርት ቤትም አይዳረስም። መሰብሰብ አለበት። ጥያቄዬ ከማን ስንት የሚለው ነው።

በሐምሌ 2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ በጎ ነገር ይዞ መጥቷል። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ደመወዙ 3,000 ብር ነው። (አዎ፣ 3,000። ለግል ድርጅቶች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልወጣ ይሄ ሕግ መጣስ አይደለም። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።) በድሮው ስሌት በየወሩ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 150 ብር ሆነ። ለመፈረም ሲመጣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ነገር ተሳስቶ እንዳይሆን? ኋላ መልስ እንዳትሉኝ» አለ። አልተሳሳተም አባባ፣ ሕጉ ተቀይሮ ነው አልኩት። ብዕሩን አንስቶ ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ጊዜ ደግሞ አነበበው።

ስለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከሱ በላይ ያሉትን ስደምር ነው።

ሦስቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 ከግብር ነፃ የሆነው 150 ብር ነበር። የመጨረሻው ምጣኔ፣ 35 በመቶው፣ የሚጀምረው ደግሞ ከ5,000 ብር በላይ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ነፃው 600 ብር ሆነ፣ 35 በመቶው ከ10,900 ብር በላይ ጀመረ። ዛሬ ነፃው 2,000 ብር ነው፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል።

አሁን አካፍሉ። በ1994 ከወለሉ (ከነፃው) እስከ ጣሪያው (35 በመቶው እስከሚጀምርበት) 33 እጥፍ ርቀት ነበር። በ2008 ርቀቱ 18 እጥፍ ሆነ። ዛሬ 7 እጥፍ ብቻ ነው። መሰላሉ ከታች ከፍ አለ፣ ከላይ ግን ባለበት ቀረ ማለት ይቻላል። ወለሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ ጣሪያው የተነሳው 28 በመቶ ብቻ ነው። በመሀል የነበረው የ10 በመቶ ደረጃም ጠፍቷል። ከነፃው ቀጥሎ በቀጥታ 15 በመቶ ነው።

ይሄ ለማን ምን ማለት ነው? በ1994 ከ5,000 ብር በላይ ደመወዝ ያለው ሰው በጅማ በጣት የሚቆጠር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 8 ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ጣሪያው ወደ 590 ዶላር ይጠጋል። በ2008 የነበረው 10,900 ብር 500 ዶላር ገደማ ነበር። የዛሬው 14,000 ብር ሕጉ በወጣበት ሰሞን በነበረው ምንዛሪ 100 ዶላር ገደማ ነው። ደመወዝ የሚከፈለን በዶላር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የባጃጅ መለዋወጫውም ግን በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይሄን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የ1994ቱ ሕግ 35 በመቶውን ያስቀመጠው ለትልቅ ደመወዝተኛ ነው። የዛሬው ሕግ ያንኑ 35 በመቶ ጥቂት ዓመት ላገለገለ መምህር አወረደው። ይሄን ማንም ምክር ቤት ቁጭ ብሎ «መምህሩ እንደ ሀብታም ይክፈል» ብሎ አልወሰነም። ብሩ አነሰ፣ ቁጥሩ ባለበት ቆመ፣ ሰዉ ሳያድግ ወደ ላይ ተገፋ።

ምሳሌው ከእናንተው ቤት አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሏል። ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል፣ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ ደግሞ በ11,500 ብር ይጀምራል። ጥሩ ነው፣ ሰዉ ሲጠብቀው የነበረ ነው። ግን ዝቅተኛ የሚባለው ተከፋይ የመጨረሻ ብሩ የ20 በመቶ መደብ ውስጥ ገብቷል። ትናንት የተመረቀው ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበል የ30 በመቶ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው። ከ11,500 ብሩ 2,100 ብር ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 805 ብር ለጡረታ ይሄዳል። እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኑ የሚጠብቀው አንድ መደብ ብቻ ነው። በሁለት ዕድገት እዚያም ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ደረጃ የለም፤ የክፍል ኃላፊ ቢሆንም፣ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ቢሆንም ያው 35 ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምጣኔው ከፍ ሲል ሙሉ ደመወዙ ላይ አይደለም የሚሰላው። ከመደቡ በላይ ያለው ብር ላይ ብቻ ነው። በትምህርት ቤታችን አንዲት መምህርት ከ10,000 ወደ 10,500 ብር ጭማሪ ሲመጣላት «ይቅርብኝ፣ ግብሩ ይበላብኛል» ብላ ቢሮ ድረስ መጥታ ነበር። ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋት። በ10,000 ብር ግብሩ 1,650 ነው። በ10,500 ብር 1,800 ነው። ከ500 ብሩ ጭማሪ 150 ሄዶ 350 ይተርፋታል (ጡረታውን ሳንቆጥር)። ስለዚህ ጭማሪን እምቢ አትበሉ። ግን የሷንም ስሜት እዩት። ከአምስት መቶ ብር ጭማሪ መቶ ሃምሳው ገና ሳይነካ የሄደበት ሰው፣ ያውም በ10,000 ብር ደመወዝ፣ ምን ይሰማው?

እውነት ለመናገር፣ አሁንም ቢሆን ብዙ የሚያገኝ በመቶኛ ብዙ ይከፍላል። በወር 15,000 ብር የሚያገኝ ሰው 3,200 ብር ይከፍላል፤ ከደመወዙ 21 በመቶ ነው። በወር 200,000 ብር የሚያገኝ 67,950 ብር ይከፍላል፤ 34 በመቶ ነው። «ታዲያ ምን ቀረ? ፍትሐዊ ነው እኮ» የሚል ይኖራል። በወረቀት አዎ። ግን የ15,000ው ሰው ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጁ ላይ 10,750 ብር ነው ያለው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከገዛበት ለቤት ኪራይ የሚተርፈው የለም። የ200,000ው ሰው ከሁሉም በኋላ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ይዞ ይገባል። ከአንዱ የሚወሰደው የልጅ ጫማ ነው፣ ከሌላው የሚወሰደው ከቁጠባ ነው። ታዲያ ከ14,000 በላይ ካለችው ከእያንዳንዷ ብር ሁለቱም እኩል 35 ሳንቲም ይከፍላሉ። እኔ ያልገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ይባስ ብሎ የኩባንያ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። ባለአክሲዮኑ ትርፉን ሲከፋፈል እንደገና እንደሚከፍል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱ ቀጥታ አይነጻጸሩም። ቢሆንም 15,000 ብር የሚከፈላት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ የመጨረሻ ብሯ የሚቀረጥበት ምጣኔ ከባንኩ ትርፍ ምጣኔ ይበልጣል። ይሄን ለሷ አስረዷት ብባል ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

«ነጋዴውስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ደመወዝተኛውን ያንገበገበው የራሱ መቆረጥ ብቻ አይደለም፣ የሌላው አለመቆረጥም ነው። የኔ ግብር ገንዘቡን ሳላየው ይሄዳል። ድርድር የለውም፣ ግምት የለውም፣ ይግባኝ የለውም። ባለፈው ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ቀለም ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዋጋ ስጠይቅ ልጁ መልሶ ጠየቀኝ፤ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በቃ፣ እንደ ሻይና ቡና። ሁለት ዋጋ አለ። የኛ ፔሮል ላይ ግን በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ የሚል ጥያቄ መጥቶ አያውቅም።

ግን ነጋዴውን ሁሉ ሌባ ማለት ግፍ ነው። እኔ የምሠራላቸው አብዛኞቹ ሰላም ፈላጊ ሰዎች ናቸው። የሚፈሩት ግብሩን ሳይሆን ግምቱን ነው። በ2009 ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ሲተምኑ ምን እንደተፈጠረ ታስታውሳላችሁ። በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም ሱቅ ተዘጋ። ሰው የተቆጣው በመክፈሉ አልነበረም። ቆሞ አይቶ በሄደ ሰው ግምት መክፈሉ ነው። አሁን ደግሞ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ሁሉ ደረጃ ሀ ሆኖ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለበት። 2 ሚሊዮን ትልቅ ቁጥር ይመስላል። ለ365 ቀን አካፍሉት፤ በቀን 5,500 ብር አይሞላም። እህል የሚሸጥ ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ ከሸጠ ከዚያ በላይ ነው። ትርፉ ግን ከኩንታል ጥቂት መቶ ብር ሊሆን ይችላል። ሽያጭ ሌላ፣ ትርፍ ሌላ። መዝገብ የሚይዝ ግለሰብ ነጋዴ ትርፉ የሚቀረጥበት መደብም ያው የደመወዙ በ12 ተባዝቶ ነው። ነፃው በዓመት 24,000፣ 35 በመቶው ከ168,000 በላይ። ስለዚህ መደቡ ማጠሩ መዝገብ የሚይዘውን ትንሽ ባለሱቅም እንደ መምህሩ ነው የሚነካው። እኔ እንደማየው ባለሱቁ ሁለት ዋጋ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ትልቁ ቅሚያ ትንሽ ሲያተርፍም ስለሚመጣበት ከመዝገቡ መሸሽ ያዋጣዋል።

ኪራይ ደግሞ አለ። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከጊንጆ ሰፈር እስከ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ተማሪና ሠራተኛ ያልተከራየበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ውሉ ላይ የሚጻፈው አንድ ዋጋ፣ በእጅ የሚሰጠው ሌላ ዋጋ መሆኑን የማያውቅ የለም። የኪራይ ገቢ ግብር ሕግ አለ። ከ2016 ጀምሮ የቤት ኪራይ ውል ተመዝግቦ እንዲያዝ የሚል አዋጅም አለ። በ2017 ደግሞ የንብረት ግብር አዋጅ ጸድቋል። ሕግ አልጎደለም። መምህሩ ግብር ከከፈለበት ደመወዝ ላይ ኪራይ ይከፍላል፣ ኪራዩን የተቀበለው ግማሹን ይደብቃል። ጎደለ የምትሉትን ገንዘብ እዚያ ፈልጉት። (አከራይ ሁሉ ሀብታም ነው እያልኩ አይደለም። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ክፍል አከራይተው ልጅ የሚያስተምሩ እናት አውቃለሁ። እሳቸውንም ከፎቅ ባለቤቱ እኩል የሚያሳድድ ቢሮ ሥራውን አላወቀም።)

አሁን ወደ ጥበቃችን ልመለስ። ከደመወዙ 150 ብር ይቆረጣል ብያለሁ። ግብሩ ግን እዚያ አያበቃም። በወር ውስጥ ቫት ያለበት የ1,150 ብር ዕቃ፣ ሳሙናም በሉት የልጅ ልብስ፣ ቢገዛ ከዚያ ውስጥ 150 ብሩ ቫት ነው። ያው የደመወዝ ግብሩን ያህል ሌላ ከፈለ። ቫት ደግሞ ደመወዝህ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ሳሙና የሚገዛው ሚሊየነርም 15 በመቶ፣ ጥበቃውም 15 በመቶ። ልዩነቱ ጥበቃው ያገኘውን በሙሉ ያጠፋል፤ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ያለው ሰው ከገቢው የተወሰነውን ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠው ላይ ቫት የለም። ስለዚህ ከገቢው አንጻር ሲታይ ቫት የሚከብደው ጥበቃውን ነው። እህልና እንጀራን ከመሰሉ ነገሮች ላይ ቫት መነሳቱ ለዚህ ነበር። ከ2016ቱ አዲስ የቫት አዋጅ ወዲህ ግን ከተወሰነ ፍጆታ በላይ የሆነ መብራትና ውሃም ገብቷል። አንድ ቆጣሪ ለሦስት ተከራይ በሚጋራበት ግቢ «የተወሰነ ፍጆታ» ቶሎ እንደሚታለፍ የወሰነው ሰው አስቦት ይሆን?

መዋጮውንም አልረሳሁም። የሰፈር ጥበቃ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የበዓል፣ የአደጋ። ግብር አይባልም፣ ግን ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በቤት ነው፤ ባለፎቁም ባለጎጆውም እኩል።

ሌላም አለ። ሕጋችን የሚያየው ደመወዙን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። እናት አባቱ ቤት ሆኖ 12,000 ብር የሚያገኝ ወጣትና በዚያው 12,000 ብር አምስት ልጅና አንዲት አሮጊት እናት የሚያስተዳድር አባት ሁለቱም 2,250 ብር ይከፍላሉ። በሌሎች አገሮች ለልጅ የሚቀነስ ነገር አለ። እኛ ጋ ይሄ ይቻላል ብዬ አልከራከርም። ማን ስንት ልጅ እንዳለው ማረጋገጥ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሐሰተኛ ወረቀት ገበያ ይከፍታል። ግን የመጀመሪያዎቹ መደቦች ሰፋ ቢሉ ቢያንስ ይሄን አባት በጭፍኑ ይረዱታል።

የቡና ገበሬው ጉዳይ የክልል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የገበሬውን የገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ለክልል ሰጥቷል። ስለዚህ እናንተን አላስቸግርም። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በንጉሡ ዘመን የመሬት ግብር ሲጣል መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ይመደብ ነበር፤ ለም ያለው ብዙ፣ ጠፍ ያለው ትንሽ ይከፍላል። አመዳደቡ ላይ ጉቦም ግፍም እንደነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ሐሳቡ ግን እንደ አቅም ነው። እንደ አቅም የሚለውን ነገር ለዚህ አገር ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያመጣው እንደ አቅሙ ነው።

(ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በዚሁ ሕገ መንግሥት መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ግብር ለፌዴራል ነው፣ የክልልና የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚከፍለው ለክልል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህር ግብር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ የኛ ትምህርት ቤት መምህር ግብር ኦሮሚያ ይቀራል። ሁለቱም አንድ ጭቃ መንገድ ነው የሚረግጡት።)

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድን ነው?

ዋናው ጥያቄዬ መደቦቹ እየቆዩ እንዳይበሰብሱ ነው። ከ1994 እስከ 2008 አሥራ አራት ዓመት ጠበቅን። ከ2008 እስከ 2017 ደግሞ ዘጠኝ ዓመት። በነዚያ ዓመታት ማንም ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ ማንም እጁን ሳያወጣ ግብር በየወሩ ጨመረ። ዋጋ ሲንር ደመወዝ ትንሽ ይነሳል፣ የተነሳው ደመወዝ ከፍ ወዳለ መደብ ይገባል፣ ሰውየው ግን የሚገዛው ነገር አልጨመረም። ይሄ ያልታወጀ ጭማሪ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረቱን በየወሩ ያወጣል። አዋጁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ በየዓመቱ ሐምሌ 1 መደቦቹ በዚያ ቁጥር ልክ ይነሳሉ የሚል። ይሄን የሚሠሩ አገሮች አሉ፣ አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥት ግብር መጨመር ከፈለገ ይችላል፤ ግን ምክር ቤት ቀርቦ «ጨመርኩ» ይበል።

ሁለተኛው 35 በመቶው የሚጀምርበት ነው። የ1994ቱን ጣሪያ አዲሱ ሕግ በወጣበት ሰሞን በነበረው የዶላር ምንዛሪ ብመነዝረው ወደ 80,000 ብር ይጠጋል። ያን ያህል አልጠየቅሁም። ግማሹን፣ 40,000 ብር ገደማ፣ ብታደርጉትና 15ን፣ 20ን፣ 25ን፣ 30ን በመሀል ብታሰፉት አዲሱ ምሩቅ ሥራ በጀመረበት ቀን መጨረሻው ደረጃ ሥር አይገኝም። ከ35 በላይ ሌላ ደረጃ ይጨመር የሚሉም አሉ። እኔ ለሱ ብዙም አልጓጓም። ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ደመወዙ ስሙን ይቀይራል፤ የነዳጅ አበል፣ የቤት አበል፣ የስልክ ይሆናል፣ ወይም በፖስታ ይሰጣል። አሁንም እየተደረገ ነው። ትልቁ ደመወዝተኛ ይሄን የሚያመቻችለት አማካሪ አለው። መምህሩ ያለው የኔን ፔሮል ብቻ ነው።

መልሳችሁ ምን እንደሚሆን እገምታለሁ። ገቢ ይቀንሳል ትላላችሁ። ይቀንሳል። ስንት ይቀንሳል? እኔ የምሠራው የአንድ ትምህርት ቤት ፔሮል ነው፣ እናንተ የአገሪቱን ሁሉ መረጃ ይዛችኋል። በወር ከ14,000 እስከ 40,000 ብር የሚያገኘው ደመወዝተኛ ስንት ነው? ከሱ የሚሰበሰበው ከጠቅላላው ግብር ስንት በመቶ ነው? ከኪራይ ገቢስ ስንት ተሰበሰበ? ትልልቆቹ ባለሀብቶች በግላቸው፣ በኩባንያቸው ሳይሆን በግላቸው፣ ስንት ከፈሉ? እነዚህን አራት ቁጥሮች በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር አውጧቸው። ስም አያስፈልግም። «ፍትሐዊ ድርሻ» ላይ በስሜት የምንጨቃጨቀው ቁጥሩ ስለሌለን ነው። ቁጥሩን አይቼ 40,000 አይቻልም፣ 25,000 ነው የሚቻለው ካላችሁኝ እቀበላለሁ።

ደብዳቤው በፖስታም ይላካል፣ ማኅተም የለውም ብላችሁ እንዳትመልሱት። መልስ ካላችሁ በአደባባይ ይሁን፤ የኛ መምህራን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ እንዲያነቡት እለጥፈዋለሁ። የቀጣዩ በጀት ረቂቅ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ማለትም ከግንቦት በፊት ቢደርሰን ደግሞ ቋሚ ኮሚቴው ሕዝብ ሲያወያይ ይዘነው እንቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የጅማ ሒሳብ ሠራተኛ